ቢስኩት ለምን ይናከሳል

ሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ኮሎምበስ

ይህን ደብተር የገዛሁት ሐኪሞቹ የሚሉትን ልጽፍበት ነው። ግዛ ያለችኝ ባለቤቴ ወሰንየለሽ ናት። ጡቷ ላይ አንድ እብጠት አግኝታለች፤ ሐሙስ የራጅ ፎቶ እንድትነሳ ቀጠሮ ሰጥተዋታል። «እነሱ ሲያወሩ ይፈጥናሉ፣ እኔ ደግሞ ስፈራ እንግሊዝኛዬ ይጠፋብኛል፤ አንተ ጻፍልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እስካሁን የሚጻፍ ነገር የለም፤ ቢኖርም ዛሬ እጄ እምቢ ብሏል። ስለዚህ ሌላ ነገር ልጻፍ።

ቢስኩት ዛሬ ሄራንን ነከሳት።

ቢስኩት የልጄ ሃምስተር ነው። ለገና ገዛንላት። መዳፍ የማይሞላ፣ ቡናማ፣ አይጥ መሰል፣ ጅራት አለው የማይባል፣ እህል በጉንጩ እያጨቀ ወደ መኝታው የሚያግዝ ፍጥረት ነው። ሁለት ወር ሙሉ እጇ ላይ ሲተኛ የኖረው ዛሬ ከትምህርት ቤት ተመልሳ እጇን ወደ ጎጆው ስትሰድ ዘሎ ጣቷን ያዘ። ደማች። አላለቀሰችም፤ ከማልቀስ ይልቅ ገረማት። «ዋይ፣ ዳዲ?» ትላለች ደጋግማ፤ ለምን ማለቷ ነው። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ደብረ ዘይት አስራ ስምንት ዓመት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ስሠራ በሬ ወግቶኛል፣ በቅሎ ረግጦኛል፤ ያለ ምክንያት ያደረገው ግን አንድም አልነበረም። ምክንያቱን አገኘዋለሁ።

ቀን ቀን ቤት የሚውሉት እትዬ ሰርካዲስ ናቸው፣ የወሰን አክስት። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ከመጡ ስድስት ወር ሆናቸው። እኛ ጴንጤ ነን፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ፤ በቤታችን ስለ ሃይማኖት አይወራም፣ ሰላማችንም በዚሁ ጸንቷል። ትናንት ከቸርች ስንመለስ ወሰን ስለ እብጠቱ ነገረቻቸው። ተነስተው የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠቡት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

እኔንም ነከሰኝ። አመልካች ጣቴን።

ከሥራ እንደገባሁ በፎጣ ይዤ መረመርኩት። ዓይኑ ንጹሕ፣ ጥርሱ ሙሉ፣ ሆዱ አልተነፋም። ሕመም የለበትም። ሳህኑም ሙልጭ ብሏል፤ ሄራን ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ላይ የሞላችለትን አንድ ፍሬ ሳያስቀር ጨርሷል። የታመመ እንስሳ እንዲህ አይበላም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ለጣሰው ነገርኩት። ካናል ዊንቸስተር በኩል ያለው መጋዘን ውስጥ አንድ መስመር ላይ ነው የምንሠራው። አገር ቤት ለአይጥ መርዝ ይገዛ የነበረ ሰው እዚህ መጥቶ ቀለብ ቢገዛላት ብትነክሰው ምን ይገርማል ብሎ ሳቀብኝ። የጣሰው ሳቅ ቀኑን ሙሉ አይለቅም።

የእጅ ሳሙናችንን ቀየርን። ሽታው ይሆናል ብዬ ነበር። ነከሰ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ወሰን ፎቶ ተነሳች። ሌላ ፎቶ እንፈልጋለን አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። መጠየቅ ነበረብኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ተቀመጥኩ እንጂ አልጠየቅሁም።

ቢስኩት አልነከሰም። ትናንት ማታ ጎጆውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንስቼ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ጥግ ወስጄው ነበር። ጫጫታው ነበር ማለት ነው።

እሁድ፣ የካቲት 16

አራት ቀን ሰላም። ሄራን ትከሻዋ ላይ አስቀምጣው ትዞራለች። የደብረ ዘይት እጅ አይስትም ብዬ ወሰን ላይ ጉራዬን ነዛሁ፤ ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ስለዚህ ስለ ቢስኩት ብዙ ብዙ አወራሁላት።

እሁድ፣ የካቲት 23

እትዬ ሰርካዲስ ዶሮ ሠርተው ጠበቁን። ምን በዓል ነው ብዬ አልጠየቅሁም፣ በላሁ። ለቢስኩትም የእንቁላል ቁራጭ ሰጡት፤ «ብላ፣ ዛሬስ ብላ» እያሉ። ይሄ አይጥ ከማለት በቀር ሌላ ስም ያልሰጡት ሰው ናቸው። ተላመዱ ብዬ ደስ አለኝ።

ከምሳ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁኝ። እንስሳ ሳይበላ ምን ያህል መቆየት ይችላል? ሰው ስለ ሙያዬ ከጠየቀኝ አፌን የሚዘጋው የለም። በሬ እንዲህ፣ ግመል እንዲያ እያልኩ አንድ ሰዓት አወራሁ። በቅሎ ተጭና ቀኑን ሙሉ ምንም ሳትቀምስ ብትውል ምንም አትሆንም አልኳቸው። አገጫቸውን ይዘው በጥሞና ሰሙኝ። በዚህ ቤት እንደሳቸው የሚያዳምጠኝ የለም።

ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያዩት ነገር አላማራቸውም። አርብ በመርፌ ናሙና ይወስዳሉ። እትዬ ያውቃሉ። ሄራን እንዳታውቅ ተስማምተናል።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ነከሰ። ከበፊቱ የባሰ። ሄራን እጇን ሳታስገባ ገና በሩን ስትከፍት ነው የዘለለባት። ሽቦውን ይዞ ያኝካል። ከወረቀት ቁርጥራጭ አሳምሮ የሠራው መኝታ ተበታትኗል። ሳህኑ ሙልጭ።

ከሥራ መልስ ቤክስሊ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ ሃምስተር የተጻፈ መጽሐፍ ተዋስኩ። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ እስከ እራት አነበብኩት። ድንገት መናከስ የሚጀምረው በሕመም፣ በፍርሃት፣ በእርግዝና፣ በረሃብ፣ ወይም መኝታውን የሚነካካበት ሲኖር ነው ይላል። አንድ በአንድ አየሁት። ወንድ ስለሆነ እርግዝና ወጣ። ሕመም የለበትም። ረሃብ አይታሰብም፤ የሞላ ሳህን ሙልጭ አድርጎ የሚጨርስ ፍጥረት እንዴት ይራባል? ቀረ ፍርሃት፤ ቀረ የሚነካካበት ሰው። መኝታውን የሚነካው ደግሞ ከሄራን ሌላ ማን አለ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ሲነጋ ገባኝ። ጥጋብ ነው! አገር ቤት ገብስ የበዛበት ፈረስ ማንን ያስጠጋል? ይሄ ደግሞ ሱፍ ነው የሚበላው። ከዛሬ ጀምሮ ቀለቡ በግማሽ ይቀነስ አልኩ። ሄራን ተከራከረች፣ በእንግሊዝኛ። መጽሐፉ ላይ ጥጋብ የሚል የለም አለችኝ። የጻፉት ሰዎች ፈረስ አያውቁም አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ባሰበት። አልገባኝም። እትዬ ሰርካዲስ አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል። ሽንኩርት ስቆርጥ ቢላ ነው አሉ።

አርብ፣ የካቲት 28

ናሙናውን ወሰዱ። ውጤቱ የፊታችን ሰኞ አይደለም፣ ከዚያ በሚቀጥለው ሰኞ ነው። መጋቢት 8።

እጇን ያዝኩ። ላብ ነበረው። የማን እጅ እንዳላበው አላውቅም።

መኪና ውስጥ ወሰን ስለ ቢስኩት ተናገረች። «የቀዶ ጥገና ነገር ከመጣ፣ ቤቴ ውስጥ የሚናከስ ነገር አልፈልግም። ውጤቱን እስክንሰማ ካልተወ ወደ ሱቁ መልሰው።» ዎርዝንግተን ባለ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም፣ ስትሠራ ኢንፌክሽን ምን እንደሚያደርግ አይታለች፤ ልቃወማት አልቻልኩም። ለሄራን የነገርኳት እኔ ነኝ። የነገርኳት ግማሹን ብቻ ነው፤ ለምን መጋቢት 8 እንደሆነ አልነገርኳትም። «ዋይ ዛት ዴይ?» ብላ ዓይኔን አየችኝ። ዝም ብሎ ቀን ነው አልኳት።

እሁድ፣ የካቲት 30

ደብተሩን ወደ ኋላ ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ። ትናንት አልነከሰም፣ ዛሬም አልነከሰም። ከሰኞ እስከ አርብ ግን በየቀኑ ነክሷል። ቀለቡ ያው ግማሽ ነው፣ ሳሙናው ያው፣ ጎጆውም ያለው እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ነው። እንስሳ ቅዳሜና እሁድን ከየት ያውቃል? የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። በሥራ ቀን ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ፣ እኔ እስክገባ፣ አጠገቡ የምትሆነው ሄራን ናት። ቅዳሜና እሁድ እኛ ሁላችን ስላለን ትጠነቀቃለች።

ባልጻፍኩት ይሻል ነበር። ግን ሌላ መልስ አጣሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ጠየቅኋት። መጠየቅ ሳይሆን ፈረድኩባት። መኝታውን የምትበታትኚበት፣ የምታበሳጪው አንቺ ነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ አልኳት። መልሷ በእንግሊዝኛ ነበር፤ አልነካሁትም ነው የምትለው። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እትዬ ሰርካዲስ ወጥ ቤት ቆመው ይሰማሉ፤ ማማሰያ ከእጃቸው ወደቀ።

ያን ጊዜ ሄራን በአማርኛ ተናገረች። አማርኛ የምትናገረው ስትከፋ ብቻ ነው። «በዚህ ቤት ሁሉም ሰው ይንሾካሾካል። እኔ ስገባ ዝም ትላላችሁ። እኔ ነኝ ወይ ውሸታም?»

ክፍሏ ገብታ ዘጋች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ከሄራን ጋር ሦስት ቀን ሰላምታ ብቻ ሆኗል። ዛሬ ማለዳ ከመውጣቷ በፊት ለቢስኩት ስትነግረው ሰማኋት። አምስት ቀን ቀረህ ትለዋለች። ልቤ ተሰበረ። እውነት ብትዋሽ ኖሮ እንዲህ ብላ አትቆጥርም ነበር።

ዕቃ ሳጥብ የእንጨት ማንኪያው እጀታ ጫፍ ላይ የጥርስ ምልክት አየሁ። ጥቃቅን፣ ጥንድ ጥንድ። የማን ጥርስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁለት ጣቴ ላይ አለ። ማንኪያው ግን ጎጆው ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? እትዬን ልጠይቅ ብዬ ዞርኩ፤ ቶሎ ብለው ደክሞኛል ልተኛ አሉ። ሰሞኑን ከስተዋል። የማይታየኝ ነገር አለ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ።

የካርቶን ማመላለሻው ቀበቶ ተበጥሶ ስድስት ሰዓት ላይ ሁላችንንም ወደ ቤት ሰደዱን። በሩን ስከፍት ሰባት ሰዓት ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እትዬ ሰርካዲስ ነጠላቸውን ለብሰው የመኪና ማቆሚያውን በሚያሳየው መስኮት ፊት ቆመዋል፤ ምሥራቅ በዚያ በኩል ነው። አጠገባቸው ወንበር ላይ የቢስኩት ጎጆ አለ። እሱ ሽቦውን ያኝካል፣ የእሳቸው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ማቀዝቀዣው ላይ በሳህን የተከደነ ስኒ አየሁ። ገለጥ ሳደርገው የቢስኩት እህል ነው።

ይሄ ምንድን ነው አልኳቸው። ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ አልመለሱልኝም፤ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ዘወር ብለው፣ እኔ ሳላውቅ የቀረሁ ሞኝ እስክመስል ድረስ፣ በረጋ ድምፅ «ቁርሱ ነው» አሉኝ። «አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይበላል። እኔም የዚያን ጊዜ ነው የምበላው።»

አስቀምጬ አናገርኳቸው። ወሰን በነገረቻቸው ማግስት፣ ሰኞ የካቲት 10፣ የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ይጀምር ነበር። በነነዌ የጾመው ሰው ብቻ አልነበረም አሉኝ፤ በሬውም በጉም አብሮ ጾሞ ነው ከተማው የዳነ። ጠዋት ሁላችንም ስንወጣ ከሳህኑ የተረፈውን እህል ያነሱበታል። ሲያነሱበት ደግሞ መኝታው ውስጥ የደበቀውን እያወጣ ሲበላ ያዙት። ስለዚህ መኝታውን በማንኪያ እጀታ እየበረበሩ ያንንም ያወጡበት ጀመር። ጣታቸውን የነከሳቸው ያኔ ነው። ሄራን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስትሞላለት እሳቸው የጠዋቱን ወደ ከረጢቱ ይመልሳሉ፤ አንድ ፍሬ አልሰረቅሁም አሉ። ውሃ አልከለከሉትም። ከነነዌ በኋላ የነበረውን ረቡዕና አርብ ትንሽ ነው ብለው ማሩት። ሁዳዴ ሲገባ እንደገና ጀመሩ። ቅዳሜና እሁድ በጠዋት ይለቁታል።

ቀኖቹ ሁሉ ከደብተሬ ጋር ልክ ለልክ ገጠሙ። የእንቁላሉ ቀን የሁዳዴ ቅበላ ነበር። በመጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሄራንን አስታወስኩ፤ ሳቄ ቆመ።

«ለምን እሱን?» አልኳቸው።

«እናንተ በእኛ ወር አትጾሙም። ልጅቷ ልጅ ናት። ቤቱ ሁሉ ካልጾመላት ምን ዋጋ አለው?» አሉ። «ቀረን እኔና እሱ።»

እንዲህ ያለ ትንሽ ፍጥረት ቀንም ሌትም ጥቂት ጥቂት እየበላ ነው የሚኖረው፣ ሆዱ ስንቅ አይዝም፣ በዚህ ላይ እኔ ቀለቡን በግማሽ ቀንሼበታለሁ፣ እስከ ፋሲካ አይደርስም አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ልገድለው ነበር? በቅሎ ምንም አትሆንም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። እውነት ነው፤ እኔ ነኝ። የጠየቁኝ ስለ በቅሎ አልነበረም። መጽሐፉ ላይ ረሃብ የሚለውን የሰረዝኩትም እኔ፣ ጥጋብ ነው ያልኩትም እኔ፣ በልጄ ላይ የፈረድኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። «ያሳደግኋት እኔ ነኝ፣ አያሌው። እናንተ ዶክተሩን ታናግራላችሁ፣ መኪና ትነዳላችሁ። እኔ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም» አሉ። እኔም ያን ሁሉ ቀን ለወሰን ምን እንዳደረግሁ አሰብኩ። የሃምስተር ጥርስ ስቆጥር ነው የከረምኩት። ፈርቼ ነው። አሁን ልጻፈው፤ በጣም ፈርቻለሁ።

«የእሱን ድርሻ እኔ ልጹም» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«አንተ? ቁርስ ሳትበላ መኪና የማታስነሳው?»

«እስከ አስራ አንድ ነው አይደል?»

ትንሽ አዩኝ፤ የምቀልድ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ስኒውን ከማቀዝቀዣው ላይ አውርደው እህሉን ሳህኑ ውስጥ ገለበጡለት። «እስከ አስራ አንድ ነው» አሉ።

አርብ፣ መጋቢት 5

ራስ ምታት። አራት ሰዓት ላይ ሆዴ ሲጮህ ጣሰው ሰማው። ሳንድዊቹን ቆርሶ እንካ አለኝ፤ አልበላም አልኩ። ሰባት ሰዓት ላይ የደረደርኩትን አንድ ካርቶን ከቦታው ቢያነሳብኝ ጮህኩበት። ለአንድ ካርቶን! «ምን ነካህ፣ እንደዛ አይጥ ሆንክ እኮ» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ልክ ነበር። ያንን ሁሉ መጽሐፍ ከማንበብ አንድ ቀን መጾም ይበቃኝ ነበር።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከእትዬ ጋር ሽሮ በላን። ቢስኩት ጉንጩን ሞልቶ ወደ መኝታው ተመላለሰ። ማንም አልነካበትም።

እሁድ፣ መጋቢት 7

ትናንት ለወሰን ሁሉንም ነገርኳት። ዛሬ ከቸርች መልስ ሁለታችን ሄራንን አስቀመጥን። በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እየሳቅሁ ሳይሆን በደንብ። ቀጥላ ወሰን ስለ እብጠቱ፣ ስለ ነገው ውጤት ነገረቻት። እትዬ ሰርካዲስም ስለ ጾሙ በራሳቸው አፍ ነገሯት፤ ጣታቸውንም አሳዩአት።

ሄራን በአማርኛ ጠየቀች። «ቢስኩት ስለ ማሚ ከእኔ በፊት ነው የጾመው?»

ወሰን አቀፈቻት።

ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት አካባቢ እጇን ጎጆው በር ላይ ዘርግታ ተቀመጠች፤ መዳፏ ላይ አንድ የሱፍ ፍሬ አለ። ቢስኩት ወጣ፣ አሸተተ፣ ተመለሰ። እንደገና ወጣ። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ፍሬዋን ከመዳፏ ወሰደ፤ አልነከሳትም። ወሰን ስለ ሱቁ ምንም አላነሳችም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ዶክተሩ ያሉት። ጠይቄ፣ ደግመው እንዲሉልኝ አድርጌ የጻፍኩት ነው።

ካንሰር ነው። ትንሽ ነው፣ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በታች። በጊዜ ነው ያገኛችሁት አሉ። መጋቢት 19 ቀዶ ጥገና። ጡቱን በሙሉ ማንሳት ላያስፈልግ ይችላል። ከዚያ በኋላ የጨረር ሕክምና አለ፤ ስንት ሳምንት እንደሆነ ያኔ ይነግሩናል። ወደ ብብቷ መዛመቱን የሚያውቁት ሲከፍቱት ነው። ይህን አራት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ አራት ጊዜ መለሱልኝ።

ቤት ስንደርስ አስራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነበር። እትዬ ሰርካዲስ በሩ ላይ ቆመው የወሰንን ፊት አነበቡት። ምንም ሳይጠይቁ ግንባሯን ሳሟት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አቅርበዋል፣ የእሳቸውና የእኔ።

ወሰን ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለእሷም እንዲጨምሩላት ጠየቀቻቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ሄራን ቦርሳዋን ከፍታ የምሳ ዕቃዋን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከነምግቡ ነበር። ልቆጣት አሰብኩ፤ አልቻልኩም። እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሁለት ሳህን ጨመሩ።

ዛሬ በዚህ ቤት ያልጾመው ቢስኩት ብቻ ነው። ሲበላ ውሎ ተኝቷል።